ጠይብ ማለት እሺ ማለት አይደለም

ማንጎ መርገፍ በሚጀምርበት ወራት ከቤቴ ሰው አይጠፋም። ዘንድሮ ከመጡት ሁሉ ግን ደሜን አፍልታው የሄደችው ራሕመት ናት። እዚሁ አሶሳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አያቷ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ አባቷ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ እኔም የዒድ ልብሴን የምገዛው ከሱ ነው። አሁን አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ምን እንደምትማር ስጠይቃት "ሕግ፣ ልማትና ግሎባላይዜሽን፣ ጋሽ ሐሚድ" አለችኝ። የያዝኩት የከርከዴ ሻይ ብርጭቆ አፌ ጋ ሳይደርስ ቆመ። እኔም በጊዜዬ አዲስ አበባ ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ስሙ እንኳ አልተቀየረም።

ጥናቷን የምትሠራው እኛ መንደር ላይ መሆኑን ነገረችኝ። መንደራችን ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የበርታዎች መንደር ነው፤ የተወለድኩት እዚያ ነው።

"ሄጄ ነበር እኮ ጋሼ፤ ሰዎቹ የተቀየሙኝ መሰለኝ" አለች። "ሌላ መንደር ስሄድ ባወራሁ ቁጥር 'ጠይብ፣ ጠይብ' ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል። እናንተ ጋ ግን ትንሹም ትልቁም 'ሰማሁ' ብቻ ነው። ስለ ራሴ ነገርኳቸው፣ 'ሰማሁ'። ስለ ጥናቱ ነገርኳቸው፣ 'ሰማሁ'። ውሃ ጠማኝ ስል እንኳ አንዷ ሴትዮ 'ሰማሁ' ብላ ነው ያመጣችልኝ። ምን በድያቸው ነው?"

አንቺ ምንም አልበደልሽም አልኳት። ከዚያ በኋላ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ስነግራት ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ እያለች ታየኝ ነበር። ሰው ሲያረጅ ንዴቱ ይበርድለታል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ቃሉን ላስረዳ። ጠይብ ከዐረብኛ የወረስነው ቃል ነው፤ እኛ በርታዎች ከአፋችን አይለይም። ትርጉሙን የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ "ጥሩ" ወይም "እሺ" ማለት ነው ይላችኋል። በኛ ዘንድ ግን ሰው ሲያወራ አፍጥጦ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ፣ ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ጠይብ ይባላል። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ ጠይብ ብለህ ጥለኸው ትሄዳለህ፤ ገዝተሃል ብሎ የሚከተልህ የለም። ይህ ደግሞ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በአማርኛ አፉን የፈታው ሰውም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "እሺ... እሺ... እሺ" ሲል ይቆይና፣ ስልኩን ሲዘጋ "ምን ይላል ይሄ ሰውዬ!" ይላል። እሺ ብለሃልና ተስማምተሃል ብሎ የሚይዘው ማን ነው? እኛን ግን ያዙን።

ሌላም ልማድ አለን። ትልቅ ጉዳይ ይዞ የመጣ እንግዳ በመጣበት ቀን መልስ አይሰጠውም። ያን ቀን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያወራል፣ ይደመጣል። እየበላ ያለን እንግዳ "አይሆንም" ማለት ጉርሻውን ከአፉ መንጠቅ ነው። እንግዳው ሲነሳ መልሱን ለመስማት መቼ እንደሚመጣ ይጠይቅና ይሄዳል፤ መንደሩም ተሰብስቦ ይጨቃጨቃል፤ በቀጠሮው ቀን ሲመለስ አዎም ሆነ አይሆንም ይነገረዋል። ሴት ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ሽማግሌም፣ ለከብቶቹ ሣር የሚለምን ጎረቤትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለንም ነበር።

ነገሩ በሆነበት ጊዜ እኔ አሶሳ ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት ዘመን ነው። ከገበያው ማዶ ያለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ የሱዳን ዘፈን በካሴት ያንቧርቅ ነበር፤ ክሩ ሲጠላለፍ ባለቤቱ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይመልሰዋል፤ እስኪመልሰውም ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ጎረምሶቹ ጸጉራቸውን በቫዝሊን አብርቀው፣ ኮንጎ ጫማቸውን አጥበው፣ አመሻሽ ላይ ጥጉ ጋ ይቆማሉ። አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ሰፊ ሱሪ ሰፍቶልን ከሩቅ ስንታይ የአንድ እናት ልጆች እንመስል ነበር። ሻይ ቤቱ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ልብስ ሰፊው ካማሺ ከተማ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ያን ዘመን ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ነጯ ላንድክሩዘር ትዝ ትለኝና ደስታው ይጠፋል።

ለዕረፍት መንደር በሄድኩበት ሰሞን ነው የመጣችው። አጎቴ ባበክር የመንደሩ ሽማግሌ ነበር፤ አባቴ ሲሞት ያሳደገኝም እሱ ነው። ለዒድ ብቻ የሚለብሳትን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ እንግዶቹን ከማንጎው ሥር አስቀመጣቸው። አንዱ ካኪ ሸሚዝ የለበሰ የመንግሥት ሰው ነው፤ ጥላ ሥር ተቀምጦም ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም። አንዱ አስተርጓሚ ነው። አንዱ ደግሞ የሚባለውን ሁሉ የሚጽፍ ፈረንጅ ነው። አንድ ባለሀብት አካባቢውን ሊያለማ መሆኑን ነገሩን። ትምህርት ቤት ይሠራል፤ "ጠይብ" አለ አጎቴ። ክሊኒክ ይከፈታል፤ "ጠይብ"። መንገድ ይጠረጋል፤ "ጠይብ"። ከመንደሩ ጀርባ ያለው መሬት ባዶ ስለሆነ ለሥራው ይፈለጋል፤ "ጠይብ"። ባዶ ያሉት የቀርከሃው ጫካና አርሰን ያሳረፍነው ማሳ ነው። ቤታችንም፣ አጥራችንም፣ የእህል ጎተራችንም የሚወጣው ከዚያ ጫካ ነው። ያረፈው ማሳ ደግሞ ጉልበቱ ሲመለስ ተራው ደርሶ ይታረሳል። ይህን አጎቴ ያውቃል፤ ከማንጎው ሥር የተቀመጥነው ሁሉ እናውቃለን። ጠይብ ሲል የደነገጠ ሰው አልነበረም፤ ለምን ይደንግጥ? ሰውየው እንግዳ እየሰማ ነው።

ፍየል ታረደላቸው። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ቀረበ፤ ጥሩ አድርገው በሉ፤ ማንጎ በጆንያ ተጫነላቸው። ሲነሱ ለመልሱ መቼ እንምጣ ሳይሉ ሄዱ። አጎቴ "የከተማ ሰዎች ናቸው፣ ሰው ይልኩብናል" አለ። በነጋታው መንደሩ ተሰበሰበ። ወጣቶቹ ጭራሽ አይሆንም አሉ፤ አጎቴ ግን ክሊኒኩንም ይፈልገዋል፣ እንግዳም ባዶ እጁን መመለስ አይሆንለትም። "ከወንዙ ማዶ ያለውን እንስጣቸው፤ ቀርከሃውንና ያረፈውን ማሳ አይንኩብን" አለ፤ ሲጨቃጨቁ ውለው በዚህ ተስማሙ። መልሳችን ይህ ነበር። ሰው የማይጎዳ፣ ልማትም የማይጠላ መልስ ነበር። እንግዶቹ መልሱን ሊሰሙ ሲመጡ የሚታረድ አንድ ፍየል ተለይቶ ታሰረ።

የመጣው ትራክተር ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሰው ሳይልኩ፣ ሳይጠይቁ ገቡ። ቀርከሃውን ሲጥሉት የሚሰማው ድምፅ ከተኩስ አይለይም ነበር። እርጥብ ቀርከሃ ሲቆረጥ የሚሸተውን ሽታ እስከ ዛሬ አልወደውም፤ አጥር የሚሠራ ሰው ካየሁ በሌላ መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ። አጎቴ ያቺኑ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ከተማ ወጣ፤ እኔም አብሬው ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ "አባባ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ እሺ ብለዋል። ኅብረተሰቡ ተስማምቷል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተይዟል" አለው። አጎቴ አማርኛ ይሰማል እንጂ ብዙ አይናገርም። እኔ ላስተረጉምለት አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ፤ ያን ቀን አስተርጓሚ የሚባል ነገር አስጠልቶታል።

"እኔ ጆሮ ነው የሰጠው" አለ። "መሬት አልሰጠም።"

ሰውዬው ሳቀ። በነገሩ አይደለም የሳቀው፤ በአማርኛው ነው። "'የሰጠሁት' ነው የሚባለው አባባ" ብሎ አረመው። እስቲ አስቡት፤ መሬቱን ወስዶ ሰዋስው ሰጠው! ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ስነሳ አጎቴ ነው ኮቴን ይዞ ጎትቶ ያስወጣኝ። ከበር ስንወጣ ያለቀሰው ግን እሱ ነው፤ ትልቅ ሰው፣ በነጭ ጀለቢያው እጅጌ።

ክስ መሠረትን፤ ቃለ ጉባኤው ቀረበብን፤ ተረታን። ዳኛው በአፍ የሚነገር በጽሑፍ ያለውን አይሽረውም አሉ። ሕግን ልቤ እስኪጠፋ ልማር ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ቀን እየሠራሁ ማታ እያነበብኩ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨረስኩ። ለሁለተኛው ስወዳደር "ሕግ፣ ልማትና ግሎባላይዜሽን" የሚለውን ስም ሳይ፣ ይሄ ትምህርት የተቀረጸው ለኛ መንደር ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ነቀምት አድሬ አዲስ አበባ ገባሁ። ከሰልባጅ የገዛሁት ቡናማ ኮት ነበረኝ፤ እጅጌው ስለሚያጥርብኝ ክፍል ውስጥ እጄን አጣምሬ ነበር የምቀመጠው፤ መምህራኑ ትዕቢተኛ ነው ይሉኝ ነበር አሉ። ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር፤ ገጹን በሃያ አምስት ሳንቲም ያነሳል። ማሽኑ ሲግል ሽታው መንገድ ድረስ ይወጣል፤ እኔ ያን ሽታ የዕውቀት ሽታ ነው እል ነበር። ምሳዬን እየዘለልኩ ስለ ዓለም ንግድ፣ ስለ ሰው መብት፣ ስለ ተሳትፎ የተጻፈውን ሁሉ አስነሳለሁ። የክፍሌ ልጆች ከየት ነህ ይሉኛል፤ ከአሶሳ ስላቸው "አማርኛህ ግን ጥሩ ነው!" ይሉኛል። ስንት ዓመት በአማርኛ ፍርድ ሲገለበጥ በሚውልበት መሥሪያ ቤት ለኖረ ሰው! ይሁን፣ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ኪሴ ሲነጥፍ ያበሉኝም እነሱው ናቸው።

አንድ ቀን ወረቀት ያደለን መምህር ሸበቶ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው፤ ስሙን አልጠራም። ወረቀቱ ውጭ ሀገር የተጻፈ ጥናት ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ልማት ሕዝብ አማክሮ ሲካሄድ ምን እንደሚመስል በመልካም ምሳሌነት ያሳያል። ማንበብ ጀመርኩ። ማንጎ አለ። ቀርከሃ አለ። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የኅብረተሰቡን ፈቃድ በግልጽ ሰጥቷል ይላል። በእያንዳንዱ ነጥብ! የአጎቴ ጨዋነት ነው እንደ ፊርማ የተቆጠረው። ግሎባላይዜሽን ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ቃል ከማንጎ ሥር ተነሳ፤ አስተርጓሚው እሺ አደረገው፤ ካኪ ለባሹ ተስማምተዋል አደረገው፤ ፈረንጁ ባሕር አሻግሮ መልካም ምሳሌ አደረገው፤ ከዚያ በሃያ አምስት ሳንቲም ተባዝቶ እኔው እጅ ላይ ተመለሰ።

ተነሳሁ። ሽማግሌው አጎቴ መሆኑን፣ እኔም እዚያ እንደነበርኩ፣ ጠይብ ምን ማለት እንደሆነ ተናገርኩ። መምህሩ ፈገግ ብሎ "ስሜትህ ይገባኛል" አለኝ። "ግን እዚህ የምንፈልገው ማስረጃ ነው።"

"ማስረጃው እኔ ነኝ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"እሱ ገጠመኝ ነው። ጥናቱ ግን ታትሟል።"

የመመረቂያ ጽሑፌን በጠይብ ላይ ልሥራ ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ደግሞ "አንድ ቃል የሕግ ጥናት አይሆንም፤ ቋንቋ ክፍል ሞክር" ተባልኩ። ስለ ዓለም አቀፍ የንግድ ክርክር አፈታት ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። በጥቁር ልባድ፣ በወርቃማ ፊደል ተጠርዞ ዛሬ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ አንድ እግር ሥር አለ፤ ወለሉ ስለሚያዘነብል ባለቤቴ ናት ያስገባችው። በሱ አላዝንም። የሚያቃጥለኝ ያ ወረቀት ከኔ በኋላ ስንት ክፍል ውስጥ እንደታደለ ሳስብ ነው። ያነበበው ሁሉ አጎቴን መሬቱን በደስታ የሰጠ ደግ ሽማግሌ አድርጎ ነው የሚያውቀው።

ባለሀብቱ ብዙ አልቆየም። ጥቂት ክረምት ሰሊጥ ሞካክሮ ጥሎ ሄደ። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም ወሬ ሆነው ቀሩ። ቀርከሃው በነበረበት እሾህ በቅሎበታል፤ የዛገ ትራክተር ቆሞበታል፤ መግቢያው ላይ ሰንሰለት አለ፤ መሬቱ አሁንም የኢንቨስትመንት ነው እየተባለ ሰው አይገባበትም። ያን ጊዜ ባዶ ነው ያሉት አሁን እውነትም ባዶ ሆኗል።

አጎቴ ከዚያች ቢሮ ከወጣ ጀምሮ ጠይብ የሚለውን ቃል ተወው። በፊት ለእያንዳንዱ ወሬ ጠይብ የሚል ሰው "ሰማሁ" ብቻ ማለት ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሲነግረው "ሰማሁ"። ጎረቤት እንዴት አደርክ ሲል ጭምር "ሰማሁ"፤ ሰው መጀመሪያ ይስቅበት ነበር። ሴት ልጁን ሲድር ነው ነገሩ የገባቸው። የኒካሑ ሥርዓት ላይ ሼኹ የመህሩን፣ የጥሎሹን ማለት ነው፣ ነገር፣ የሙሽራውን ቃል ሁሉ ዘርዝረው ጨርሰው አጎቴን አዩት። "ሰማሁ" አለ። ሙሽራውን ላብ አጠመቀው። አጎቴ ተነስቶ ልጁ ወዳለችበት ገባ፤ ቆየ፤ ተመልሶ ተቀመጠና "ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ ፈቅዳለች። እኔም ፈቅጃለሁ። አሁን ጻፉት" አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የሳቀበት የለም። መንደሩ በሙሉ ቃሉን ተከተለው፤ ዛሬ የሚወለዱት ልጆች ምክንያቱን እንኳ ሳያውቁት "ሰማሁ" እያሉ ያድጋሉ። ታሪካቸውን በወረቀት የሚጽፍላቸው ሲያጡ በአፋቸው ያዙት።

አጎቴ ከሞተ ቆየ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እየደከመም ማንጎው ሥር ይቀመጥ ነበር። ታስሮ የነበረው ፍየል አርጅቶ ሞቷል፤ እንዳይበሉት ከልክሎ ነበር። መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ "መልሱን ሊሰሙ ይሆን?" ይለኝ ነበር። ይቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ ዓይኑን ሳየው ግን አይቀልድም።

ይህን ሁሉ ስነግራት ራሕመት አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ስልኳን አውጥታ የክፍላቸውን ንባብ አሳየችኝ። ማንጎው አለ። ነጭ ለባሹ ሽማግሌ አለ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ፈቃድ ሰጠ ይላል። ያው ወረቀት ነው! እኔ ሸበትኩ፣ አጎቴ አፈር ለበሰ፣ እነሱ ግን አሁንም ያስተምሩታል። ስድብ አመለጠኝ፤ እዚህ የማልጽፈው ስድብ። ልጅቷ አቀረቀረች፤ ባለቤቴ መጥታ "እሷ ምን አደረገችህ?" ብላ ተቆጣችኝ፤ ልክ ናት።

ቀስ ብላ ራሕመት ተናገረች። "ጋሼ፣ የነገሩኝን ሁሉ ጥናቴ ውስጥ ላስገባው እፈልጋለሁ። የአጎትዎንም ቃል፣ የቢሮውንም። ስምዎ እንዲጠቀስ ካልፈለጉ ይቀራል። ድምፅዎን ልቅረጽ፤ ጽፌ ስጨርስም መጥቼ አነብልዎታለሁ። መምህሬ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም።"

"ሰማሁ" አልኳት። አስቤ አይደለም፤ ከአፌ ወጣ።

'እሺ አለ' ብላ ትጽፈዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ነበር፤ እኔም ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን ከደነችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስልኳንም አስገባች። ባለቤቴ ያቀረበችላትን ማንጎ እስከ ፍሬው ድረስ ጨርሳ በላች፣ እጇን ታጠበች፣ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

"እንግዲያው ጋሽ ሐሚድ" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ፣ "ለመልሱ መቼ ልምጣ?"

ጁምዓ ነይ አልኳት። ሁለት ሦስት ቃል ነው እኮ፤ ገንዘብ አይጠይቅ፣ ዲግሪ አይጠይቅ፣ መኪና አይጠይቅ። አጎቴ ባበክር ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ሞተ።